ተለጣጭ የጎማ ማጣበቂያ በወረቀት ሥራ፦ አገልግሎቱ፣ እርጅናውና የአጠቃቀሙ ወሰን

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ ከተፈጥሮ ጎማ የሚዘጋጀው ተለጣጭ ማጣበቂያ ለወረቀት ሥራ የሚሰጠውን ጥቅምና የጥቅሙን ወሰን ይመረምራል። ማጣበቂያው ወረቀት ሳያጨማድድ ይይዛል፤ ወረቀቱ ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል፤ ትርፉም በጣት ታሽቶ ይነሣል። በእነዚህ ጠባዮቹ ምክንያት በወረቀት ሠሪዎች ዘንድ ተመራጭ ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ ለተለጣጭነቱ ምክንያት የሆነው የሞለኪውል አወቃቀር ለእርጅናውም በር ከፋች ነው። ጽሑፉ የማጣበቂያውን አሠራር፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመጽሐፍ ጥረዛ ላይ ያስከተለውን ጉዳትና አሟሚዎቹ በጤና ላይ የሚያደርሱትን ችግር በቅደም ተከተል ያቀርባል። በመጨረሻም ማጣበቂያው ለጊዜያዊ ሥራ ተገቢ፣ ለቋሚ ሰነድ ግን ተገቢ አለመሆኑን ያመለክታል።

ቁልፍ ቃላት፦ የተፈጥሮ ጎማ፣ ማጣበቂያ፣ ወረቀት፣ የሰነድ ጥበቃ፣ አሟሚ

1. መግቢያ

በአማርኛ የዕለት ተዕለት ንግግር ማጣበቂያ ብዙ ስም አለው። ከዛፍ የሚገኘው ሙጫ ይባላል፤ በጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚሸጠው ኮላ ይባላል፤ ጫማ ሠሪው የሚጠቀምበት ደግሞ ማስቲሽ ነው። ስሞቹ የሚለያዩት በአጋጣሚ አይደለም፤ እያንዳንዱ የሚሠራበት ቁስና የሚደርቅበት መንገድ የተለያየ ነው። ሆኖም በተግባር አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ይታያል። ለጫማ የታሰበው ለአልበም፣ ለልጆች ሥራ የታሰበው ለሰነድ ጥገና ይውላል። ውጤቱም በዕለቱ ስለማይታይ ስሕተቱ ሳይታረም ይቀጥላል።

የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ የጎማ ማጣበቂያ በሚባለው ላይ ነው። የጎማ ማጣበቂያ ሲባል ያልተቀቀለ፣ ማለትም በሰልፈርና በሙቀት ያልጠነከረ የተፈጥሮ ጎማ በተናኝ ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ የሚዘጋጅ ወፍራም ሙሙት ማለት ነው። ጎሚስታ የተበሳ ውስጠኛ ጎማ ሲለጥፍ የሚቀባው ፈሳሽ የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ለወረቀት የሚዘጋጀው ግን ቀጠን ያለና በቀላሉ የሚነሣ እንዲሆን ተደርጎ ነው። ይህ ማጣበቂያ ለወረቀት ሥራ ምን ይሰጣል? የሚሰጠውስ እስከ መቼ ይዘልቃል? ጽሑፉ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

2. የማጣበቂያው ምንነትና አሠራር

የተፈጥሮ ጎማ የሚገኘው በዋናነት ሄቪያ ብራዚሊዬንሲስ ከተባለው ዛፍ ወተታማ ፈሳሽ ነው። በፈሳሹ ውስጥ የሚገኘው ጎማ በኬሚስትሪ ቋንቋ ፖሊአይሶፕሪን ይባላል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ክፍሎች እንደ ሰንሰለት ተቀጣጥለው የሚሠሩት ረጅም ሞለኪውል ነው። በእያንዳንዱ የሰንሰለቱ ክፍል አንድ የካርቦን ድርብ ትስስር አለ። የዚህ ትስስር አቀማመጥ ሰንሰለቱን ስለሚያጣምመው ሞለኪውሎቹ በሥርዓት ተደርድረው ለመጠንከር ይቸገራሉ። ጎማ በተለመደው የክፍል ሙቀት ለስላሳና ተለጣጭ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንደ ብርጭቆ የሚደርቀው ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወደ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ነው።

ጎማን በፈሳሽ አሟሙቶ የመጠቀም ሐሳብ ለንግድ የበቃው ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1823 ጎማን ከድንጋይ ከሰል በሚገኝ ናፍታ አሟሙቶ ውኃ የማያስገባ ጨርቅ ለመሥራት የፈጠራ መብት ባገኘ ጊዜ ነው። የዛሬው የወረቀት ማጣበቂያም በመሠረቱ ከዚያ አይለይም፤ ናፍታው በሄፕቴን ወይም በመሰል የነዳጅ ውጤት ተተክቷል እንጂ አሠራሩ ያው ነው። ፈሳሹ ጎማውን ወደ ወረቀቱ ያደርሳል፤ ከዚያም ተንኖ ይጠፋል፤ የሚቀረው ስስ የጎማ ሽፋን ብቻ ነው። በመድረቁ ሂደት የኬሚካል ለውጥ አይካሄድም።

ማጣበቂያው በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው በአንድ ገጽ ብቻ ቀብቶ ገና እርጥብ ሳለ ማጣበቅ ነው። በዚህ መንገድ የተያዘ ወረቀት ለጥቂት ጊዜ ሊንሸራተትና ሊስተካከል ይችላል፤ ከደረቀም በኋላ በጥንቃቄ ሊላቀቅ ይችላል። ሁለተኛው ሁለቱንም ገጾች ቀብቶ እስኪደርቁ ጠብቆ ማጋጠም ነው። ሁለት የደረቁ የጎማ ሽፋኖች ሲነካኩ የአንዱ ሰንሰለት ጫፎች ወደ ሌላው ዘልቀው ይጠላለፋሉ፤ መያዣውም ወዲያውኑ ይጠነክራል። በዚህ መንገድ የተጋጠመ ነገር ቦታው ቢሳሳት ለማረም አስቸጋሪ ስለሆነ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች በሁለቱ መካከል የሰም ወረቀት አስገብተው አቀማመጡን ካረጋገጡ በኋላ ወረቀቱን በቀስታ ስበው ያወጣሉ።

3. በወረቀት ሥራ ያለው ጥቅም

የማጣበቂያው ትልቁ ጥቅም ውኃ የሌለበት መሆኑ ነው። ወረቀት ከሴሉሎስ ቃጫ የተሠራ ነው፤ ሴሉሎስም ውኃን አጥብቆ ይስባል። ውኃ ያለበት ኮላ ሲቀባ ቃጫዎቹ ውኃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ እብጠቱም በቃጫው ርዝመት አቅጣጫ ጥቂት፣ በወርዱ አቅጣጫ ግን ብዙ ነው። ወረቀቱ እኩል ባልሆነ መንገድ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ሄፕቴንና መሰሎቹ ግን ከሴሉሎስ ጋር ስለማይስማሙ ቃጫውን አያሳብጡም። ስለዚህ እጅግ ስስ ወረቀት እንኳ በጎማ ማጣበቂያ ሲለጠፍ እንደ ተዘረጋ ይቀራል።

ሁለተኛው ጥቅም ተለጣጭነቱ ነው። ጠንካራ ማጣበቂያ በታጠፈ ወረቀት ላይ ይሰነጠቃል፤ የጎማው ሽፋን ግን ከወረቀቱ ጋር ይታጠፋል። ሲከፈቱ ምስል በሚቆምባቸው የስጦታ ካርዶች፣ በወረቀት አበባዎች፣ በሕንፃ ዲዛይን ተማሪዎች የካርቶን ሞዴሎች ይህ ጠባይ ዋጋ አለው። ሦስተኛው ጥቅም ንጽሕናው ነው። ከጠርዝ የተረፈው ጎማ ከደረቀ በኋላ በጣት ወይም በደረቀ የጎማ ድብልብል ሲታሽ ተጠቅልሎ ይነሣል። እዚህ ላይ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆሴፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎማ የእርሳስ ጽሑፍ እንደሚያጠፋ መመዝገቡን ማስታወስ ይቻላል፤ ላጲስና የጎማ ማጣበቂያ የአንድ ቁስ ሁለት አገልግሎቶች ናቸው።

ይኸው በቀላሉ የመነሣት ጠባይ በሥዕል ሥራም ጥቅም ላይ ውሏል። ሠዓሊው በውኃ ቀለም ሲሠራ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልገውን ቦታ በጎማ ይሸፍናል፤ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ሽፋኑን አሽቶ ያነሣል።

ማጣበቂያው በሰፊው ካገለገለባቸው ቦታዎች አንዱ የጋዜጣና የመጽሔት ዝግጅት ክፍል ነበር። ኮምፒውተር የገጽ ዝግጅትን ከመረከቡ በፊት የተተየበው ጽሑፍ በዓምድ በዓምድ ተቆርጦ፣ ፎቶግራፉና ርዕሱ ተጨምሮ በካርቶን ላይ ይለጠፍ ነበር። አዘጋጁ አንድ አንቀጽ ለማውጣት ወይም ለማዛወር ሲፈልግ ቁራጩን አንሥቶ በሌላ ቦታ ያኖረዋል። ለዚህ ሥራ ሰምና የጎማ ማጣበቂያ ተመራጭ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 ፔጅሜከር የተባለው የገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ከወጣ በኋላ ይህ ሙያ ቀስ በቀስ ቢቀርም በኮምፒውተር ላይ «ቁረጥ» እና «ለጥፍ» የሚሉት ትእዛዞች መጠሪያቸውን ከዚሁ የእጅ ሥራ ወርሰዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የተለጠፈው ገጽ ፎቶ ተነሥቶ እስኪታተም ድረስ ብቻ እንዲቆይ የታሰበ መሆኑ ነው። ማጣበቂያው ለጥቂት ቀናት ሥራ ፍጹም ነበር፤ ችግሩ የተፈጠረው ያው ገጽ ተጠብቆ መዝገብ ቤት ሲገባ ነው።

4. እርጅና፦ የሃንኮክ ጥረዛ ትምህርት

ከላይ እንደ ተገለጸው ጎማን ተለጣጭ የሚያደርገው በሰንሰለቱ ላይ ያለው ድርብ ትስስር ነው። ኦክስጅንና ኦዞን ግን ጎማን የሚያጠቁት በዚሁ ትስስር አካባቢ ነው። በመጀመሪያ ሰንሰለቶቹ እየተቆረጡ ሽፋኑ ይለሰልሳል፤ ይጣበቃል፤ ወደ ወረቀቱ ውስጥም ይሰርጋል። በዚህ ደረጃ ወረቀቱ ዘይት እንደ ነካው ብርሃን አሳላፊ ይሆናል። ቀጥሎ ሽፋኑ ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ይሆናል። በመጨረሻ ጎማው ደርቆ ይሰባበራል፤ የያዘውን ቁራጭ ይለቅቃል፤ እድፉ ግን ከቃጫው ጋር ተዋሕዶ ይቀራል። ሙቀትና ብርሃን ሂደቱን ያፋጥናሉ፤ መዳብና ማንጋኒዝም እንዲሁ። ስለዚህ መዳብ ያለበት ቀለም በተቀባ ወረቀት ላይ ጎማ መጠቀም እርጅናውን ሊያቀርበው ይችላል። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከቆላው የሚበረታ በመሆኑ በመስኮት አጠገብ የተሰቀለ ሥራ የበለጠ ይጋለጣል።

ይህ እርጅና በመጽሐፍ ታሪክ ውስጥ የታወቀ ምሳሌ አለው። በብሪታንያ ዊልያም ሃንኮክ እ.ኤ.አ. በ1836 መጽሐፍን ያለ ስፌት በጎማ የመጠረዝ ዘዴ የፈጠራ መብት አገኘ። በዘዴው የመጽሐፉ ቅጠሎች በጀርባ በኩል ተቆርጠው ነጠላ ነጠላ ይሆናሉ፤ ከዚያም ጀርባቸው በጎማ ሙሙት ይቀባል። የተጠረዘው መጽሐፍ በቀላሉ ይዘረጋል፤ ገጾቹም ሙሉ በሙሉ ይከፈታሉ። በዚህም የተነሣ ትላልቅ ሥዕሎች ላሉባቸው ውድ መጻሕፍት ተመራጭ ሆነ። ነገር ግን ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በኋላ ጎማው ደርቆ ተፈረፈረ፤ ቅጠሎቹም ከጀርባቸው እየተላቀቁ ወደቁ። ዛሬ በየቤተ መጻሕፍቱ ከዚያ ዘመን የተረፉ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ቅጠሎቻቸው ተበታትነው፣ በሪባን ታስረው ወይም እንደ ገና ተጠርዘው ይገኛሉ። ገዢው መጽሐፉን በገዛበት ቀን ያደነቀው ጠባይና ልጅ ልጁ ያጣበት ምክንያት አንድ ነበር።

ይህን ከኢትዮጵያ የብራና መጽሐፍ አሠራር ጋር ማነጻጸር ጠቃሚ ነው። በዚህ አሠራር የብራናው ጥራዞች በክር እርስ በርስ ተሰፍተው ከእንጨት ገበታ ጋር ይያያዛሉ፤ ቅጠሎቹን አንድ ላይ የሚይዘው ክሩ እንጂ ማጣበቂያ አይደለም። ክሩ ቢበጠስ እንደ ገና ይሰፋል፤ ብራናው ግን በዚህ ምክንያት አይነካም። በአንጻሩ ጎማ ሲበላሽ የያዘውን ወረቀት ጭምር ያበላሻል። የጥገና ሙያ አንዱ መርሕ የተጨመረው ነገር ከዋናው ቀድሞ ቢያረጅ እንኳ ዋናውን ሳይጎዳ መነሣት አለበት የሚል ነው። አዲስ የጎማ ማጣበቂያ ይህን መርሕ የሚያሟላ ይመስላል፤ ያረጀው ግን ይጥሰዋል።

ፎቶግራፍ ላይ ጉዳቱ የከፋ ነው። የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ምስል የሚሠራው ከደቃቅ የብር ቅንጣቶች ነው፤ ሰልፈር ያለበት የጎማ ውጤት ከብሩ ጋር ተዋሕዶ ምስሉን ያቦዝዘዋል ወይም ቀለሙን ይለውጠዋል። ከጀርባ የተቀባው ማጣበቂያ እድፍ ፊት ለፊት ዘልቆ የሚታይበትም ጊዜ አለ። ሌላ ቅጂ የሌለው የቤተሰብ ፎቶግራፍ በጎማ ወደ አልበም ሲለጠፍ ሊመለስ የማይችል ነገር ለአደጋ ይጋለጣል።

5. አሟሚውና የሠሪው ጤና

እስከዚህ የተነሣው ወረቀቱን የሚመለከት ነው። ሠሪውን የሚመለከተው ጎማው ሳይሆን የሚያሟሟው ፈሳሽ ነው። በጫማና በሌሎች ሥራዎች ቀድሞ ጥቅም ላይ ይውል የነበረው ቤንዚን የተባለው ኬሚካል (በነዳጅ ማደያ የሚሸጠው ሳይሆን ስድስት ካርቦን ያለው ቀለበታማ ውሕድ) የደም ካንሰር እንደሚያስከትል ተረጋግጧል። ለዚህ ግንዛቤ ትልቅ አስተዋጽኦ ካደረጉት አንዱ ቱርካዊው ሐኪም ሙዛፈር አክሶይ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው ጥናት ቤንዚን ባለበት ማጣበቂያ ይሠሩ በነበሩ ጫማ ሠሪዎች ላይ የታየውን ሉኪሚያ ያቀረበ ነው። በቤንዚን ምትክ የገባው ሄክሴንም ከችግር ነጻ አልሆነም። በ1960ዎቹ በጃፓንና በጣሊያን በጫማ ሥራ የተሰማሩ ሠራተኞች እጅና እግራቸው ሲደነዝዝና ሲዝል ታይቷል፤ ምክንያቱም ሄክሴን በሰውነት ውስጥ ወደ ሌላ ውሕድ ተለውጦ የነርቭ ጫፎችን መጉዳቱ ነው። ሄፕቴን በዚህ ረገድ የተሻለ ቢሆንም ትነቱ ራስ ያዞራል።

የእሳት አደጋውም ሊዘነጋ አይገባም። ሄክሴን ከዜሮ በታች 22፣ ሄፕቴን ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣሉ። የሄክሴን ትነት ከአየር ሦስት እጥፍ ገደማ፣ የሄፕቴን ደግሞ ከዚያ በላይ ስለሚከብድ ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ ወለል ለወለል ይሄዳል። ቡና የሚፈላበት ከሰል ወለል ላይ በሚቀመጥበት ቤት ይህ ጠባይ ቀጥተኛ ትርጉም አለው፦ ማጣበቂያው ጠረጴዛ ላይ ቢከፈትም ትነቱ የሚወርደው ፍሙ ወዳለበት ነው።

በኢትዮጵያ ከተሞች ማስቲሽ የሚለው ስም ከጫማ ጥገና ባሻገር ሌላ አሳዛኝ ትርጉም ይዟል፤ በጎዳና የሚኖሩ ልጆች ረኀብንና ብርድን ለመርሳት ትነቱን ይስባሉ። እንዲህ ባሉ የጫማ ማጣበቂያዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቶሉዊን በተደጋጋሚ ሲሳብ አንጎልን ይጎዳል፤ ድንገተኛ የልብ ሞትም ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ አሟሚ ያለበት ማጣበቂያ ለትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍል መመረጥ የለበትም። የወረቀት ሥራን ለማስተማር የተገዛ ጣሳ ከመምህሩ ዓይን ሲወጣ ሌላ ነገር ይሆናል።

6. አማራጮችና የመምረጫ መስፈርት

አሟሚውን ለማስቀረት አንዱ መንገድ በአሞኒያ የተጠበቀውን ወተታማ ላቴክስ ራሱን መጠቀም ነው። ይህ የእሳትንና የትነትን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል። ሆኖም ላቴክሱ ውኃ ስላለበት ወረቀቱን ያሸበሽባል፤ በአንዳንድ ሰዎችም ላይ አለርጂ ያስነሣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውኃው ሲደርቅ የሚቀረው ያው ጎማ ስለሆነ እርጅናው አይቀርም። ተሸካሚውን ፈሳሽ መለወጥ የሠሪውን ጤና ይጠብቃል፤ የሰነዱን ዕድሜ ግን አያረዝምም።

ለሰነድ ጥገና በሙያው ተቀባይነት ያለው ከስንዴ ስታርች በውኃ በስሎ የሚዘጋጅ ማጣበቂያ ነው። ይህ ማጣበቂያ በጃፓን የወረቀት ጥገና ረጅም ታሪክ አለው፤ ከብዙ ዓመት በኋላም በእርጥበት ለስልሶ ሊነሣ ይችላል። ነጩ ኮላ፣ ማለትም ፖሊቪኒል አሲቴት፣ ተለጣጭና ጠንካራ ስለሆነ ለካርቶንና ለአዲስ ጥረዛ ያገለግላል፤ ከደረቀ በኋላ ግን በቀላሉ ስለማይነሣ ለብርቅ ሰነድ አይመከርም። ሁለቱም ውኃ ያለባቸው በመሆናቸው የመሸብሸብ ችግር ቢኖርባቸውም በአሠራር ሊቀንስ ይችላል፦ ማጣበቂያውን ወፈር አድርጎ አዘጋጅቶ በስሱ መቀባት፣ የሁለቱን ወረቀቶች የቃጫ አቅጣጫ ማመሳሰል፣ ከዚያም በመጣጭ ወረቀት መካከል አድርጎ ክብደት ጭኖ እስኪደርቅ መተው።

ለመምረጥ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ሥራው ስንት ጊዜ እንዲቆይ ይፈለጋል? የሚለጠፈው ነገር ሌላ ቅጂ አለው? የሚሠራበት ቦታ አየር የሚዘዋወርበትና ከእሳት የራቀ ነው? ለሳምንታት የሚቆይ ሞዴል፣ የገጽ ንድፍ ወይም የኤግዚቢሽን ጽሑፍ ቅጂው በእጅ እስካለና ቦታው እስከ ተስማማ ድረስ በጎማ ማጣበቂያ ቢሠራ ነቀፋ የለበትም። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የድሮ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍና የመጽሐፍ ገጽ ግን ከዚህ ክልል ውጭ ናቸው።

ከዚህ ቀደም በጎማ የተለጠፈ ሰነድ ያለበት መዝገብ ቤት ጊዜ የሚገዛበት ዕድል አለው። ጎማው ገና ቢጫ ሳይሆን ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ ሳይጎዳ ሊነሣ ይችላል፤ ቡናማ ከሆነ በኋላ ግን ሥራው የባለሙያና የአሟሚ ይሆናል፤ እድፉም ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል። ስለዚህ ጋዜጦችን፣ የገጽ ንድፎችንና አልበሞችን የያዙ ስብስቦች ሲመዘገቡ የማጣበቂያው ዓይነትና የደረሰበት ደረጃ አብሮ ቢጻፍ ቅድሚያ የሚሻው በቀላሉ ይለያል። እስከዚያው ድረስ የተለጠፈውን ገጽ ከብርሃንና ከሙቀት ማራቅ፣ በገጾች መካከልም አሲድ የሌለበት ወረቀት ማኖር የእድፉን ጉዞ ያዘገያል።

7. ማጠቃለያ

የጎማ ማጣበቂያ በወረቀት ሥራ ያገኘው ተወዳጅነት በእውነተኛ ጥቅም ላይ የተመሠረተ ነው። ወረቀትን ሳያሸበሽብ የሚይዝ፣ ከእጥፋቱ ጋር የሚታጠፍና ስሕተትን የሚታገሥ ማጣበቂያ ማግኘት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ተለጣጭነቱንና እርጅናውን የሚያመጣው አንድ የሞለኪውል ጠባይ በመሆኑ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መሸሽ አይቻልም። የሃንኮክ መጻሕፍት ይህን በቅጠሎቻቸው መበታተን አሳይተዋል። ማጣበቂያን መምረጥ እንግዲህ በዕለቱ የሚታየውን ውበት ብቻ ሳይሆን ወረቀቱ ነገ በማን እጅ እንደሚገባም ማሰብን ይጠይቃል። ለጊዜያዊው ሥራ ጎማ፣ ለሚወረሰው ሰነድ በውኃ ለስልሶ የሚነሣው የስንዴ ማጣበቂያ፣ ለመጽሐፍም ክርና መርፌ ተገቢ ቦታቸውን ሲይዙ የዛሬው ሠሪ ለሚቀጥለው ጠባቂ ከባድ ሥራ አያወርስም።